የማያድር መድኃኒት

መርፌው ከመወጋቱ በፊት ባለሙያዋ ያለችውን ለእናቴ ተረጎምኩላት። "እማዬ፣ መድኃኒቱ ከገባ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብለሽ ትተኛለሽ። መንቀሳቀስም፣ ማውራትም የለም።"

"ጸሎትስ?" አለችኝ።

"በልብሽ። ከንፈርሽ ሳይንቀሳቀስ።"

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ግድግዳው እርሳስ የተለበጠ። ከማሞቂያ የወጣ ብርድ ልብስ አለበሷት፤ እሷ ደግሞ ከላዩ ነጠላዋን ደረበችበት። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የምትወጋው ስኳር ነው፤ ጨረር የሚሰጥ ፍሎሪን የተሰካበት ስኳር። የሠራ ጡንቻ ስኳር ይስባል፤ የሚያወራ ሰው ጉሮሮው፣ የሚበርደው ሰው አንገቱና ትከሻው ምስሉ ላይ ያበራሉ። የእናቴ የሊምፎማ እጢም የሚፈለገው እዚያው አንገቷ ሥር ስለሆነ፣ ዝምታዋም ሙቀቷም የምርመራው አካል ናቸው። ይህን ሁሉ ነግሬያት ወጣሁ። በሩ ሳይዘጋ ዞር ስል ዓይኗን ጨፍና፣ እጆቿን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሰብስባ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ አየኋት።

ይህን አቀማመጧን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሳኝ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል እንወጣ ነበር። በባዶ ሆድ፣ በብርድ፣ ብዙም ሳናወራ። ከተጠመቀች በኋላ ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ልክ እንዲህ። ያኔ ምን እንደምትጠብቅ አላውቅም ነበር፤ የሚነግረኝም አልነበረም። ዛሬ በደም ሥሯ የሚዞረውን ነገር ግን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። እሱም ከውሃ ነው የመጣው። ከሰባት ሰዓት በፊት ውሃ ነበር።

የምሠራው እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሳይክሎትሮን ያለው የመድኃኒት ማዘጋጃ ውስጥ ነው። ሰው ሲተኛ ገብተን ሰው ሲነሣ እንወጣለን። ለእናቴ ብዬ ያን ሌሊት ፈቃድ ወስጄ ቤት አደርኩ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ከጎኗ ተጋድሜ፣ ሰዓቱን እያየሁ፣ አሁን ይህን ጀመሩ፣ አሁን እዚህ ደረሱ እያልኩ አነጋሁት። በዚህ ሥራ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። የማዘጋጀው ለማን እንደሆነ ግን አንድም ሌሊት አውቄ አላውቅም። ጠርሙሷ ላይ ቁጥር፣ ሰዓትና መጠን እንጂ ስም የለም። የበሽተኛዋን ስም ያወቅሁት ያን ሌሊት ብቻ ነው።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቢሙ ይለቀቃል። የፕሮቶኑን ጅረት እኛ ቢም ነው የምንለው። ሳይክሎትሮኑ ያለው 2 ሜትር ያህል ውፍረት ካለው የኮንክሪት ግድግዳ ጀርባ ነው፤ ቢሙ እያለ ማንም እዚያ አይገባም። ከውጭ የሚሰማው የፓምፕና የማቀዝቀዣ ውሃ ድምፅ ብቻ ነው፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ። መነሻው ሃይድሮጅን ነው፤ ከሁሉም የሚቀለው ንጥረ ነገር። አንድ ኤሌክትሮን ተጨምሮበት መሃል ላይ ይለቀቃል። ማግኔቱ መንገዱን ያጥፍበታል፤ በሴኮንድ በአሥር ሚሊዮኖች ጊዜ የሚገለባበጥ ኤሌክትሪክ ደግሞ ክፍተቱን ባቋረጠ ቁጥር ከኋላው ይገፋዋል። በተገፋ ቁጥር ይፈጥናል፤ በፈጠነ ቁጥር ዙሩ ይሰፋል።

እናቴ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ ያስረዳኋት በሰፌድ ነው። ሰፌድ ሲሰፋ ከመሃል ነው የሚጀመረው። ስንደዶውን አጥፋ እምብርቱን ትቋጥራለች፤ ከዚያ በወስፌ እየወጋች፣ በአክርማ እየጠመጠመች፣ ዙሩን በዙር ላይ እየደረበች ወደ ዳር ትወጣለች። የመጀመሪያው ዙር ሳንቲም አይሞላም፤ የመጨረሻው እጇን ዘርግታም አትደርስበትም። "እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ የኔ ስፌት ባዶ ቦታ ላይ መሰፋቱ ነው" አልኳት። ለአፍታ አሰበችና፣ "እንጀራስ? እንጀራ ከዳር ወደ መሃል ነው የሚዞረው" አለች። ልክ ነበረች፤ ለዚህ ሰፌድ እንጂ ምጣድ እንደማይሆን ያን ጊዜ ተስማማን። ቀጥላ ደግሞ የጠየቀችኝ መምህር ሊጠይቀኝ የሚገባውን ጥያቄ ነው፦ "ዳር ሲደርስስ?"

ዳር ሲደርስ ከካርቦን የተሠራች፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነች ስስ ቅጠል ትጠብቀዋለች። በእሷ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹን ትገፈዋለች፤ ፕሮቶኑ ብቻውን ይቀራል። እስካሁን ወደ ውስጥ ያጥፈው የነበረው ያው ማግኔት አሁን ወደ ውጭ ያጥፈዋል፤ ምክንያቱም ከኔጌቲቭ ወደ ፖዚቲቭ ተለውጧል። በብርሃን ፍጥነት አንድ ስድስተኛ ገደማ እየበረረ ከክቡ ይወጣና ወደ ውሃው ይሄዳል።

ውሃው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው፤ የቡና ማንኪያ አይሞላም። ሲያዩት የምንጠጣውን ውሃ ይመስላል። ግን ከእያንዳንዱ ሺህ የኦክስጅን አቶም ውስጥ ሁለቱ ብቻ የሆኑትን ከባዶቹን፣ ኦክስጅን 18 የሚባሉትን፣ ለቅመው ለቅመው ያጠራቀሙት ውሃ ነው። ዋጋው ውድ ነውና ጠብታው አይባክንም። ፕሮቶኑ የኦክስጅኑን ኒውክለስ ሲመታ አንድ ኒውትሮን ይወጣል፤ ፕሮቶኑ ውስጥ ይቀራል፤ ኦክስጅን የነበረው ፍሎሪን ይሆናል። ኒውክለስ ፕሮቶንን በሩ ላይ አያስጠጋም፤ ሁለቱም ፖዚቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። ያ ሁሉ ዙር፣ ያ ሁሉ ፍጥነት፣ ይህን ግፊት አልፎ ለመግባት ነው። የሚሳካለትም ከሺህ ፕሮቶን አንዱ ያህል ነው። የቀሩት ውሃው ውስጥ ሙቀት ሆነው ይቀራሉ።

ስለዚያ ከሺህ አንድ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። የሥራዬ ሁሉ ፍሬ እሱ ነው። እናቴ የተወጋችው በጨረር መለኪያ 10 ሚሊኩሪ ቢሆን፣ በውስጡ ያለው ጨረር ሰጪ ፍሎሪን 3.5 ትሪሊዮን አቶም ገደማ ነው። ቁጥሩ ይገዝፋል እንጂ ክብደቱ ከአንድ ግራም አሥር ቢሊዮን እጅ አንዱ እጅ ነው። በሚዛን ከተባለ ምንም አልተወጋችም። ሰውነቷም መግባቱን አያውቀውም፤ ስኳር መስሎት ይቀበለዋል።

ሳይክሎትሮን ሲጀመር እንዲህ ግዙፍ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1931 መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ ላይ ኧርነስት ሎውረንስና ተማሪው ስታንሊ ሊቪንግስተን ያስኬዱት ሳይክሎትሮን ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ የስኒ ማስቀመጫ ሳህን ያህል። ያችን በምታህል ነገር ሃይድሮጅንን 80,000 ኤሌክትሮን ቮልት አደረሱት። የዛሬዎቹ የሆስፒታልና የፋርማሲ ሳይክሎትሮኖች ከ11 እስከ 18 ሚሊዮን ያደርሳሉ። ሎውረንስ በ1939 ኖቤል ተሸለመ። ታናሽ ወንድሙ ጆን ሐኪም ነበር፤ በ1930ዎቹ ማለቂያ በወንድሙ መኪና የተሠራ ጨረር ሰጪ ፎስፈረስ ለሉኪሚያ ሕሙማን መስጠት የጀመረ እሱ ነው።

ከወንድማማቾቹ ታሪክ ግን እኔን የሚይዘኝ ሌላው ነው። በ1937 እናታቸው ጉንዳ ሎውረንስ የማሕፀን ካንሰር ተገኘባት፤ የቀራት ጥቂት ወራት ብቻ እንደሆነ ተነገራት። ልጆቿ ሳን ፍራንሲስኮ አመጧት። የታከመችው በሳይክሎትሮኑ ሳይሆን፣ ከዚያው ከሎውረንስ ላቦራቶሪ የወጣው ዴቪድ ስሎን በሠራው፣ አንድ ሚሊዮን ቮልት በሚደርስ የኤክስሬይ መኪና ነበር፤ ያከማት ሐኪም ሮበርት ስቶን። ተረፈች። እስከ 83 ዓመቷ ኖረች። የፊዚክስ መጻሕፍት ይህን በአንድ አረፍተ ነገር አልፈውት ይሄዳሉ። እኔ ያን ሌሊት በጨለማው ውስጥ የእናቴን ትንፋሽ እየሰማሁ፣ ቮልትና ማግኔት ሲያሳድዱ የኖሩ ሁለት ወንድማማቾች በእናታቸው አልጋ አጠገብ ቆመው ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልኩ ነበር።

ከሌሊቱ 8:30። ቢሙ ይጠፋል። ውሃው በጋዝ ግፊት በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ በእርሳስ ወደተከበበችው ሣጥን ይገባል፤ ሆት ሴል እንላታለን። እጅ አይነካውም። ውሃው ለብቻው ይጣራል፤ ፍሎሪኑ ከስኳሩ ጋር ይታሰራል። ከግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ከዚያ ፍተሻው ይመጣል፦ አሲድነቱ፣ ንጽሕናው፣ ኢንዶቶክሲን የሚባለው የባክቴሪያ መርዝ፣ ማጣሪያው ግፊት መቻሉ፣ ጨረሩ በእርግጥ የፍሎሪን 18 መሆኑ። እዚህ ላይ እያንዳንዷ ደቂቃ ከመድኃኒቱ ላይ የምትቀነስ ናት፤ ቢሆንም አንዱም ፍተሻ አይዘለልም። አንድ ፍተሻ ብቻ ሳይጠበቅ ይለቀቃል። ጀርም ማደግ አለማደጉ የሚታየው ናሙናው 14 ቀን ተቀምጦ ነው። በ14ኛው ቀን ውጤቱን መዝገብ ላይ ስንጽፍ መድኃኒቱ ከዓለም ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፤ የተወጋው ሰውም ምስሉን አይቶ፣ ሐኪሙን አነጋግሮ፣ ወይ ተደስቶ ወይ አዝኖ አልፏል። ስለዚህ ያለን ዋስትና የሠራንበት መንገድ ነው፤ ጓንቱ፣ አየሩ፣ የእጃችን ንጽሕና፣ ማንም ሳያየን ያጠብነው ጠረጴዛ።

ያን ጠረጴዛ ሳጥብ ኖሬ፣ ያን ሌሊት ሌላ ሰው ለእናቴ ሲያጥበው አሰብኩ። ባልደረቦቼ ለማን እንደሆነ አያውቁም ነበር፤ ሆን ብዬ አልነገርኳቸውም። ቢያውቁ ይበልጥ ይጠነቀቁ ነበር ብዬ ማሰብ አልፈለግሁም።

የፍሎሪን 18 ግማሽ ዕድሜ 110 ደቂቃ ነው። በ110 ደቂቃ ግማሹ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው 110 ደቂቃ የቀረው ግማሽ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ 10 ሚሊኩሪ ለመስጠት 12:10 ላይ 20 መኖር አለበት፤ ሌሊት 10:20 ላይ 40፤ ቢሙ ሲጠፋ 8:30 ላይ 80። ይህም ኬሚስትሪው የሚያስቀረውን ሳንቆጥር ነው። ስምንት እጅ ተሠርቶ አንድ እጅ ይደርሳል፤ ሰባቱ እጅ የመንገድ ነው። ሾፌሮቹ 10 ሰዓት ላይ ከባዱን የእርሳስ መያዣ እያነሱ መኪናቸው ውስጥ ያስሩታል፤ ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ፣ ባዶ ነው፤ የሚነዱት ነገር በእያንዳንዱ ማዞሪያ እየቀነሰ ይሄዳል። ከመካከላቸው አንዱ የወሎ ልጅ ነው። በረዶ በጣለ ሌሊት እንኳ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። "የማያድር ዕቃ ይዤ ምን እሆናለሁ" ይለኛል፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ሳይነገረው የገባው ሰው ነው።

ሰው ከጥንት ጀምሮ መድኃኒቱን ሲያስቀምጥ ኖሯል። ፌጦው በቅል፣ ዳማ ከሴው በጓሮ፣ ኪኒኑ በመሳቢያ። ለክፉ ቀን የሚባል ነገር አለ። ይህ ግን ለክፉ ቀን አይቀመጥም፤ የዛሬ ክፉ ቀን የራሱን ይጠይቃል። ሀብታም ገዝቶ አያከማቸውም፤ ነጋዴ ደብቆ ዋጋ አይሰቅልበትም። ለአንድ ጠዋት፣ ለተወሰነ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ያ ሰዓት ካለፈ የዓለም ገንዘብ ቢፈስ አይመልሰውም። ለዚህ ነው ይህን ሥራ የምወደው። ለዚህም ነው የሚያስጨንቀኝ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ሌሊት በኔ ፈረቃ ቢሙና ውሃው መካከል ያለችው ቀጭን የብረት ቅጠል ተቀደደች። ግፊቱ በአንዴ ወረደ፤ ውሃው አመለጠ። እንደገና ጀመርን፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ግን ዘገየን። ክሊኒኮች ጋ መደወል የኔ ድርሻ ሆነ። ከአንዱ ክሊኒክ ስልኩን ያነሣችው ሴት አልተቆጣችም። "አንዱ በሽተኛችን ሌሊቱን ነድቶ የመጣ ነው፤ ከትናንት ጀምሮም አልበላም" አለችና ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ያን ሰው አይቼው አላውቅም። እናቴ ከምርመራዋ በፊት በነበረው ማታ ራቷን ቀደም ብላ በልታ "ከዚህ በኋላ ውሃ ብቻ አይደል?" ስትለኝ ግን፣ በዓይነ ኅሊናዬ የመጣው እሱ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆዱ ተመለስ የተባለው ሰው።

ርቀት በዚህ ሥራ ከኪሎ ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1976 ይህ ስኳር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ደም ሲገባ፣ የተሠራው ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነበር፤ የሚፈልጉት ሐኪሞች ደግሞ ፊላዴልፊያ። ታትሱዎ ኢዶ፣ ጆአና ፋውለር፣ አልፍሬድ ዎልፍና ባልደረቦቻቸው ሠርተው በትንሽ አውሮፕላን ላኩት፤ አባስ አላቪ ለፈቃደኞች ወጋው። በአየር ላይ እያለ እየጠፋ የሄደ ዕቃ ነው የተቀበሉት። ቢሆንም በቃ፤ የሚያስብ የሰው አእምሮ ስኳር ሲመገብ ታየ።

ከዚያ ጋር ሌላውን በረራ በሐሳቤ አደርገዋለሁ። ናይሮቢ ውስጥ ሳይክሎትሮን አለ። ከናይሮቢ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። መኪናው፣ ጉምሩኩ፣ የመንገዱ መጨናነቅ ተጨምሮ አራት ሰዓት ቢፈጅ፣ ከተሠራው አራት እጅ አንዱ እጅ እንኳ ሳይሞላ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ጎንደር፣ ከጎንደር ደባርቅ ብለን ብንቀጥል ሂሳቡ ራሱ መልስ ይሰጣል። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ በመኖሬ እናቴ አሥራ አምስት ደቂቃ በመኪና ተጉዛ ተወጋች። እኅቷ፣ አክስቴ፣ ደብረ ማርቆስ ናት።

ሰው ግን ለርቀቱም ዘዴ አበጅቶለታል፤ ስሙን ስሰማው ገና ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው ደስ ያለኝ። ላም ይሉታል። የሙያው ሰዎች እንዲህ ነው የሚጠሩት፤ ሥራውንም ማለብ ይሉታል። እናትየው ንጥረ ነገር ረዥም ዕድሜ አላት፤ ልጇ አጭር። እናቲቱ በእርሳስ በረት ውስጥ ታስራ ሩቅ አገር ትላካለች፤ እዚያ ያለው ባለሙያ በየጠዋቱ የጨው ውሃ አሳልፎ ልጇን ብቻ ያልባል፤ በማግሥቱ ደግሞ ጡቷ ይሞላል። በዓለም እጅግ የተለመደችው ላም ሞሊብደነም 99 ናት፤ ግማሽ ዕድሜዋ 66 ሰዓት። ወተቷ ቴክኒሺየም፣ 6 ሰዓት። ቴክኒሺየም ራሱ ከሳይክሎትሮን የተገኘ ነው፤ በ1937 ኤሚሊዮ ሴግሬና ካርሎ ፔሪዬ ፓሌርሞ ላይ፣ ከበርክሌይ ሳይክሎትሮን ተነቅሎ ከተላከላቸው የሞሊብደነም ቁራጭ ውስጥ ነው ያወጡት። ሰው ሠርቶ ያገኘው የመጀመሪያው ንጥረ ነገር ነው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ባለው የኑክሌር ሕክምና ክፍል ለሚሠሩ ሰዎች ላሟ የምትመጣው በአውሮፕላን ነው። ከዘገየች በመንገድ ትነጥፋለች።

ሞሊብደነሟን በአብዛኛው የሚያወጡት ጥቂት ያረጁ የኑክሌር ሪአክተሮች ነበሩ። በ2009 ካናዳ ቾክ ሪቨር ያለው ከአንድ ዓመት በላይ ሲዘጋ የዓለም ሆስፒታሎች ቀጠሮ ተዛባ። ቫንኩቨር የሚገኘው የትራያምፍ ላቦራቶሪና አጋሮቹ ቴክኒሺየምን በቀጥታ በሆስፒታል ሳይክሎትሮን መሥራት እንደሚቻል ከዚያ በኋላ አሳዩ። በዚህ ተስፋ አለኝ፤ ግን ቴክኒሺየሙ ያለ ላም ከሄደ የስድስት ሰዓት ዕቃ ነው፤ ከከተማ ብዙ አይርቅም። ይበልጥ ልቤ የሚሄደው ወደ ኬፕ ታውን ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ አይቴምባ ላብስ የሚባል ማዕከል አለ፤ ባለ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሳይክሎትሮን ያለው። እዚያ ጀርማኒየም 68 ይሠራሉ፤ ግማሽ ዕድሜዋ 271 ቀን፣ ልጇ ጋሊየም 68 ደግሞ 68 ደቂቃ። ለአንድ ዓመት ያህል የምትታለብ ላም ማለት ናት፤ አፍሪካ ውስጥ፣ በማፍጠኛ የተወለደች። እሷን ያገኘ ሆስፒታል የራሱ ሳይክሎትሮን ሳይኖረው፣ የአውሮፕላን ሰዓት ሳይቆጥር፣ ጠዋት አልቦ ማየት ይችላል። ደብረ ማርቆስ ላይ እንዲህ ያለች ላም የምታስር ሐኪም አንድ ቀን ብትኖር ብዬ አስባለሁ። የክፍሉ መስኮት በየት በኩል እንደሚሆን ሁሉ አስቤዋለሁ።

አንድ ሰዓት ሲሞላ እናቴን ወደ ማሽኑ ወሰዷት። ከውጭ ቁጭ ብዬ ውስጧ ምን እየሆነ እንደሆነ አሰብኩ። እያንዳንዱ ፍሎሪን ማለት ይቻላል ሰዓቱ ሲደርስ ፖዚትሮን ይለቃል፤ ፖዚትሮኑ ብዙውን ጊዜ ከሚሊ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ላይ ኤሌክትሮን ያገኛል፤ ሁለቱም ይጠፉና በምትካቸው ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች ጀርባ ለጀርባ ሆነው ይበርራሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ዙሪያዋን የከበቡት መቀበያዎች ሁለቱ እኩል መድረሳቸውን ይቆጥራሉ፤ ከመቁጠሩ ብዛት ምስሉ ይወጣል። አእምሮዋ ይበራል፤ ሁሌም ይበራል፣ ዝም ብትልም እየጸለየች ነበርና። ልቧ፣ ፊኛዋ። ሊምፎማው ቀርቶ እንደሆነ እሱም።

ፖዚትሮኑን የለቀቀው ፍሎሪን መልሶ ኦክስጅን ይሆናል። ያው ኦክስጅን 18፤ ማታ በውሃው ውስጥ የነበረው። ፕሮቶን ተቀብሎ ሄደ፤ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። የተሰካበትም ስኳር ያን ጊዜ ከደህና ስኳር የሚለየው ነገር አይኖርም፤ ያቆመው ፍሎሪን ስለሌለ ሕዋሱ እንደማንኛውም ስኳር ያቃጥለዋል። ይህን ለብዙ ሰልጣኞች አስተምሬያለሁ። ያን ጠዋት ግን የመጠበቂያው ክፍል ወንበር ላይ ሆኜ፣ ማንም ሳያየኝ አለቀስኩ። ያ የተመታ ውሃ እናቴ ውስጥ ጉልበት ሆኖ ሊያልቅ ነው።

ወጥታ መጀመሪያ የጠየቀችው ቡና ነው። ባለሙያዋ እስከ ማታ ድረስ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር ራቅ እንድትል ነገረቻት፤ ብዙ ውሃ እንድትጠጣም። ቤት የወንድሜ ልጅ ነበር፤ የስምንት ወር፣ መዳህ የጀመረ። ሶፋውን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁላትና እሱን ከወዲያኛው ጥግ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥነው። እያየችው ዋለች። እሱም እያያት፤ ወደ እሷ መጣ ስንል አንስተን እንመልሰዋለን።

"አሁንስ?" አለችኝ፣ 8 ሰዓት ላይ።

"አሥር እጅ ከሆነው አንድ እጁ ቀርቷል። ትንሽ ጠብቂ፣ እማዬ።"

11 ሰዓት ላይ እንደገና ጠየቀችኝ። ከሠላሳ አንድ አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ውሃዋን ጠጣች። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አልጠየቀችኝም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ራሷ አይታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሁለቱን እጆቿን ዘረጋች። ልጁን አንስቼ ሰጠኋት።